ለደሴ ሙዚየም ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት

ባለፈው ወር የደሴ ልጆች በምንሰባሰብበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንድ ምስል ተለቀቀ። በኮምፒውተር የተሠራ የሕንጻ ንድፍ ነው፤ ፊት ለፊቱ ፏፏቴ፣ ጣሪያው መስታወት፣ ከኋላው ጦሳ ተራራ ደመና ለብሶ ይታያል። ከሥሩ «የወደፊቱ የደሴ ሙዚየም» የሚል ጽሑፍ አለ። ከሪያድ እስከ ዳላስ፣ ከስቶክሆልም እስከ ዱባይ ያለው የከተማችን ልጅ በልብና በጭብጨባ አጥለቀለቀው። በማግሥቱ የዙም ስብሰባ ተጠራ፤ በሦስተኛው ቀን የመዋጮ ሰንጠረዥ ወጣ።

ስሜቱ ይገባኛል፤ የኔም ስሜት ነው። የሥራ ባልደረባዬ ስለ ትውልድ ከተማዬ ለማወቅ ፈልጎ ስሟን ኢንተርኔት ላይ ቢጽፍ ቶሎ የሚመጣለት የጦርነት ዜና ነው። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ የሆነው ነገር ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን የከተማዋን ታሪክ ሸፍኖታል። በዚያው ጊዜ የደሴ ሙዚየምም ተዘረፈ። እናም «ሙዚየም ሠርተን የከተማችንን ስም እናድስ» የሚለው ሐሳብ በመሠረቱ ትክክል ነው። ሙዚየም የከተማን ስም ያነሣል፤ ይህን በዐይኔ አይቻለሁ። እኔ የምከራከረው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እኛ ከጣሪያው ጀምረናል።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ማስተርሴን ወደተማርኩበት ወደ ሼፊልድ ልውሰዳችሁ።

ሼፊልድ የብረት ከተማ ናት፤ ቢላዋና ማንኪያ ላይ ስሟን አይታችሁት ይሆናል። ሕዝቧ ከግማሽ ሚሊዮን ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሁልጊዜም ከማንቸስተርና ከሊድስ ጋር እየተነጻጸረች፣ ብዙውን ጊዜም እየተረሳች የምትኖር ከተማ ናት። (የደሴ ልጅ ይህን ስሜት ያውቀዋል። በአንድ በኩል ኮምቦልቻ በፋብሪካዋና በአውሮፕላን ማረፊያዋ፣ በሌላ በኩል ላሊበላ በአብያተ ክርስቲያናቷ፤ እኛ መሃል ላይ የአንድ ሌሊት ማደሪያ።) መሃል ከተማዋ ላይ አራት ግዙፍ የብረት ከበሮዎች ተጠጋግተው የቆሙ የሚመስል ሕንጻ አለ። የሼፊልድ ሃላም ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማኅበር ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር «የተማሪ ክበብ እንዲህ ዓይነት ሕንጻ ምን ያደርግለታል?» እያልኩ እገረም ነበር።

ለካስ ሕንጻው የተሠራው ለሙዚየም ነው። የብሔራዊ ፖፕ ሙዚቃ ማዕከል ይባል ነበር። 15 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቷል፤ አብዛኛው ገንዘብ የመጣው ከብሔራዊ ሎተሪው ነው። በዓመት 400,000 ሰው ይጎበኘዋል ተብሎ ታቅዶ እ.ኤ.አ. በማርች 1999 ተከፈተ። በ2000 አጋማሽ ተዘጋ። ዓመት ተኩል እንኳ አልሞላውም።

ከተማዋ ሙዚቃ አጥታ አይደለም። ጆ ኮከር የሼፊልድ ልጅ ነበር፤ ሂውማን ሊግ፣ ዴፍ ሌፐርድና ፐልፕ የተመሠረቱት እዚያው ነው። ችግሩ ውስጥ ገብቶ የሚታይ ነገር ማነሱ ነበር። ስክሪን አለ፣ የሚነካ ቁልፍ አለ፣ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ አለ፤ ሰው አንዴ ተጫውቶበት ይወጣል። ለሁለተኛ ጊዜ የሚመልሰው፣ ዘመዱን ይዞ የሚያስመጣው ነገር አላገኘም። ሕንጻው ቀድሞ ታሰበ፤ ምን ይቀመጥበት የሚለው በኋላ መጣ።

እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በእግር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ኬልሃም አይላንድ የሚባል ሌላ ሙዚየም አለ። የተከፈተው በ1982 ነው። ቤቱ ለከተማዋ ትራሞች ኤሌክትሪክ ያመነጭ የነበረ አሮጌ የጡብ ሕንጻ ነው፤ ለፖስትካርድ የሚሆን መልክ የለውም። ውስጡ ግን በ1905 የተሠራ፣ ሪቨር ዶን የሚባል፣ 12,000 የፈረስ ጉልበት ያለው የእንፋሎት ሞተር ቆሟል። የጦር መርከብ የሚለብሰውን ወፍራም ብረት የሚዳምጠውን ማሽን ያንቀሳቅስ የነበረ ነው። ፋብሪካው ሲተወው እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተሽጦ ሊቀልጥ ይችል ነበር፤ ከተማዋ ግን አስቀረችው። ዛሬም ያስነሡታል። ሲነሣ ከእግርህ ሥር ያለው ወለል ይንቀጠቀጣል፤ ሕፃናት ጆሯቸውን ይይዛሉ። እኔ በሄድኩ ዕለት አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት ለልጅ ልጃቸው አባታቸው ብረት ማቅለጫ ውስጥ ይሠሩ እንደነበር ይተርኩ ነበር። ልጁ የሚሰማ አይመስልም፤ ዐይኑ ግን ከሞተሩ አልተነቀለም።

ዛሬ ስለ ሼፊልድ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ የምነግረው ስለዚያ ሞተር ነው። ስለ አራቱ ከበሮዎች ስናገር ይኸው የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱም በመጥፎ ምሳሌነት። ባዶ ፋብሪካ የሞላበት የነበረው የኬልሃም ሠፈርም ዛሬ ምግብ ቤቶችና መኖሪያ አፓርትመንቶች የበዙበት፣ ወጣቱ የሚሻማበት ሠፈር ሆኗል። ይህን ሁሉ ሙዚየሙ ብቻውን አመጣው አልልም። ግን ሠፈሩ ስም ያገኘው ያለፈ ታሪኩን ሳይጥል በመቆየቱ ነው።

በዙም ስብሰባችን ላይ ሁለት ሰዎች ቢልባኦን አንሥተው ነበር፤ በዚህ ርዕስ ሁልጊዜም ትነሣለች። ስፔን ውስጥ ያለች፣ 350,000 ገደማ ሕዝብ የሚኖርባት፣ የመርከብ ግንባታዋና የብረት ሥራዋ በ1980ዎቹ የወደቀባት ከተማ ናት። በ1997 ፍራንክ ጌሪ የነደፈው፣ ቲታኒየም የለበሰው የጉገንሃይም ሙዚየም ተከፈተ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከሚሊዮን በላይ ሰው ጎበኘው። ከዚያ ወዲህ የዓለም ከንቲባ ሁሉ «እኔም አንድ እንደሱ ያለ ሕንጻ» ይላል። የማይነገረው ግን ይሄ ነው፦ የባስክ መንግሥት ለግንባታው 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲመድብ፣ ለኪነ ጥበብ ሥራዎች መግዣ ሌላ 50 ሚሊዮን ዶላር ለይቶ አስቀምጧል፤ በየዓመቱም የሙዚየሙን በጀት ለመደጎም ቃል ገብቷል። ኒውዮርክ ያለው የጉገንሃይም ድርጅት ደግሞ ስሙንና የራሱን ስብስብ ይዞ መጣ። የከተማዋ ሜትሮ ሙዚየሙ ከመከፈቱ ሁለት ዓመት በፊት ሥራ ጀምሯል። ወንዙን ከፋብሪካ ቆሻሻ የማጽዳት ሥራም የተጀመረው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ሕንጻው የመጨረሻው ጌጥ ነበር። እኛ የምናየው ጌጡን ብቻ ነው።

በኔ ሙያ ይህን ነገር በየቀኑ አየዋለሁ። ደንበኛ የሚወደው የመተግበሪያውን የፊት ገጽ ነው፤ ቀለሙን ለመምረጥ ሦስት ስብሰባ ይቀመጣል። ከጀርባ ያለው ዳታቤዝ ባዶ መሆኑን የሚጠይቅ የለም። በምረቃው ዕለት ይጨበጨባል፤ በሁለተኛው ሳምንት ማንም አይገባበትም።

እሺ፣ እነዚህ ሀብታም አገሮች ናቸው እንበል። የኛው ሐረር ግን አለች። ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ሹዋሊድ የሚባለው በዓሏ ደግሞ በ2023 በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ግንቡን፣ 82ቱን መስጊዶችና ጅብ ማብላቱን ሁሉም ያውቃል። እኔን ግን የሚገርመኝ የአቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ሥራ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሐረሪን ታሪክ የሚናገር ዕቃ መሰብሰብ ጀመሩ፦ በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖች፣ ሳንቲሞች፣ ልብስና ጌጣጌጥ፣ የሙዚቃ ቅጂዎች፣ የጦር መሣሪያዎች። ሲጀምሩ በኪሳቸው ገንዘብ ይገዙ ነበር። የሠፈሩ ሰው ነገሩ ሲገባው ከየሣጥኑ እያወጣ ይሰጣቸው ጀመር። ያረጁ ጥራዞችን መጠገንና መደጎስ ተማሩ። ሙዚየሙ ለዓመታት የራሳቸው መኖሪያ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የክልሉ መንግሥት የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውን ታሪካዊ ቤት ሰጣቸው።

ቅደም ተከተሉን አያችሁት? በመጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ዕቃው፣ ከዚያ የሠፈሩ እምነት፤ ሕንጻው በመጨረሻ መጣ። እሱም አዲስ አይደለም። ዛሬ ከውጭ አገር ሐረር የሚሄድ ተመራማሪ ለብራናዎቹ ሲል ነው በሩን የሚያንኳኳው።

አሁን ወደ ወሎ ልመለስ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። እዚያ ለአባ ኢየሱስ ሞአ የተጻፈ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የአራቱ ወንጌላት ብራና አለ። ይህን መጽሐፍ የግዕዝ ሥነ ጽሑፍን የሚያጠና ሰው፣ ጀርመን ይሁን አሜሪካ፣ ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን ሐይቅ ድረስ ሄዶ አይደለም። የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ፣ በደርግም ዘመን ቀጥሎ፣ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ፎቶ አነሣ፤ የሐይቅ ወንጌልም 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው ሚኒሶታ፣ ቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ገባ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ዘመን ድረስ የኖሩት ከነዚህ ፊልሞች ጋር ነው፤ ምን ምን እንደያዙ አንድ በአንድ እያነበቡ መዘገቧቸው። እዚህ እኔ የምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ከቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ብዙዎቹን መክፈት እችላለሁ።

እንግዲህ የሐይቅን ስም በዓለም ምሁራን ዘንድ ያስጠራው ፏፏቴ ያለው ሕንጻ አይደለም። ፎቶ፣ ቁጥር እና አንድ አንባቢ ነው።

የደሴ ሙዚየም የነበረው በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን በሰልፍ ወስደውን ነበር። ጋሻ ትዝ ይለኛል። ረጅም ጠመንጃ ትዝ ይለኛል። መስታወት ውስጥ የተከፈተ ብራና፣ ከጎኑ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ሌላ መጽሐፍ ትዝ ይለኛል፤ ቤቱ ውስጥ የነበረው የአሮጌ እንጨት ሽታም። በቃ፣ ይሄ ነው። ከዚህ ሁሉ ትውስታዬ ውስጥ አንድን የተሰረቀ ዕቃ ለይቶ ለማግኘት የሚረዳ አንድም ነገር የለም። ጋሻው ስንት ጉብጉብ ነበረው? የብራናው ስንተኛ ገጽ ነበር የተከፈተው? ቁርኣኑ ዳር ላይ የማን ስም ተጽፎ ነበር?

ይህ የስሜት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ኢንተርፖል የተሰረቁ የጥበብና የቅርስ ሥራዎች ዳታቤዝ አለው፤ ከ50,000 በላይ ዕቃዎች ተመዝግበውበታል፤ በ2021 ደግሞ ማንም ሰው በስልኩ የሚፈልግበት መተግበሪያ አወጣ። ዱባይ ወይም ለንደን ገበያ ላይ አንድ የኢትዮጵያ ብራና ሲቀርብ የእኛ መሆኑን ለማሳየት ዓይነቱ፣ የተሠራበት ነገር፣ ልኩ፣ ምልክቱ፣ ጭረቱ እና ፎቶው ያስፈልጋል። «የደሴ ሙዚየም ቅርስ ተዘርፏል» ብሎ መጮህ ለፖሊስም ለጉምሩክም መፈለጊያ አይሆንም። «ይህች፣ ይህን የምትመስል፣ ጠርዟ ላይ የተቃጠለች መጽሐፍ» ማለት ነው መፈለጊያ።

ስለዚህ ቡድናችን የሰበሰበው ገንዘብ መጀመሪያ ወደ ዝርዝሩ ይሂድ ነው የምለው። ሙዚየሙ የያዘው የዕቃ መዝገብ በፎቶ ተደግፎ፣ የጎደለው ከተረፈው ተለይቶ ይውጣ፤ የጎደለው በይፋ ይታወጅ። መዝገቡ ያልያዘውን እኛ እናሟላ። በሠላሳና በአርባ ዓመት ውስጥ በዚያ ሙዚየም ያለፈ የደሴ ተማሪ ስንት ነው? ስንቱ ፎቶ ተነሣ? አልበሞቹ ዛሬ ያሉት ቨርጂኒያ ምድር ቤት ውስጥ፣ ጅዳ ቁምሣጥን ላይ፣ ሸዋ በር እትዬ እገሊት ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚያ ደግሞ ወደፊት የሚሰበሰበው አለ። ወሎ የመንዙማ አገር ነው፤ ጀማ ንጉሥ አለ፤ በየቤቱ በአጀሚ የተጻፈ ወረቀት አለ፤ ከንጉሥ ሚካኤል ዘመን የተረፈ ዕቃ አለ። ከተማው ውስጥ የወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በታሪክ የተመረቁ ሥራ የሌላቸው ልጆች አሉ። አንድ ደህና ካሜራ፣ ጥቂት ላፕቶፕ እና ሦስት ወጣቶች በወግ የሚከፈላቸው የሁለት ዓመት ደመወዝ ከዚያ ፏፏቴ ዋጋ አይበልጥም። ዳታቤዙን እኔና ሌሎች ሁለት ልጆች በነፃ እንሠራለን፤ ቅጂው በሦስት የተለያዩ አገሮች ይቀመጣል። በዚህ ላይ ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ይህን ስል የመጣብኝ መልስ ቀላል አልነበረም። አንድ ታላቅ ወንድማችን «ሰው ለደመወዝ አያዋጣም፤ ሰው የሚያዋጣው ዐይቶ ለሚደሰትበት ነገር ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሕንጻ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ስም በእብነ በረድ ላይ ይቀረጻል። ለኤክሴል ሰንጠረዥ ማን ሪባን ይቆርጣል? ሌላዋ እህታችን ደግሞ ከሁሉም የከበደኝን ጥያቄ ጠየቀች፦ «ቤተሰቦች ያላቸውን አሳይተው ፎቶ ካስነሡ በኋላ፣ ነገ ሌላ ጦርነት ቢመጣ ዝርዝሩ ለዘራፊ አድራሻ መስጠት አይሆንም ወይ?» ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የዕቃው መግለጫ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን፣ ያለበት ቤትና የባለቤቱ ስም ለብቻው ተቆልፎ መቀመጥ ያለበት። በቴክኒክ በኩል የሚከብድ ነገር አይደለም። የሚከብደው እምነቱ ነው፤ እሱን ደግሞ እዚያው ያሉት ልጆች ቡና እየጠጡ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ነው የሚያመጡት። ከኛ ከዙም አይመጣም።

ሕንጻ አያስፈልግም እያልኩም አይደለም። አንድ ቀን ያስፈልጋል፤ ብራና በሻጋታ ቤት አይቀመጥም። ግን ደሴ ቤት አላጣችም። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት አለ፤ አይጠየፍ ላይ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ አለ። ጣሪያ መጠገን፣ እርጥበት መከላከል፣ እሳት ማጥፊያ መስቀል፣ ጥሩ መቆለፊያ መግዛት፤ አዎ፣ ለፎቶ አይመቹም። ወደ ላሊበላ በመኪና የሚያልፈውን እንግዳ አንድ ሌሊት ጨምሮ እንዲያድር የሚያደርገው ግን ሌላ ቦታ የማያገኘው ነገር ነው። መስታወት ጣሪያማ ዱባይም አይቶታል።

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። መዋጮው ቀጥሏል፤ እኔም እስካሁን አልከፈልኩም፤ በዚህ የተቀየሙኝ አሉ። በሦስተኛው ቀን ግን ሪያድ የሚኖሩ፣ በቡድኑ ውስጥ ብዙም የማይናገሩ አንድ ጋሼ በግል ፎቶ ላኩልኝ። ከወረቀት ፎቶ ላይ በስልክ የተነሣ ነው፤ ቀለሙ ወደ ቢጫ ሄዷል። ዩኒፎርም የለበሱ ወደ ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ሙዚየሙ ውስጥ ተደርድረዋል። ከኋላቸው፣ ከግራ ሁለተኛው ልጅ ትከሻ በላይ፣ የመስታወት ሣጥን ይታያል፤ ሣጥኑ ውስጥ የተከፈተ መጽሐፍ አለ። ምስሉን አሰፋሁት። በቀኙ ገጽ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፉ ሁለት መስመሮች አሉ፤ የገጹ የታችኛው ጥግ ተቀዷል።

«አብሽር፣ ሌላም አለኝ» ብለው ጽፈውልኛል። «ቅዳሜ ሣጥኑን እከፍተዋለሁ።»